ሰይፍ ስለ ምን ይመዘዛል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለጆሮ የሚከብድ፥ ከኅሊናም የማይርቅ ነው። ይኸውም፥ ክርስቲያን ሰው ነፍሱን ሳይበድል ወደ ጦርነት ሊሄድ የሚችለው መቼ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ አይደለም። ልጇ ጠመንጃ አንግቶ ሊወጣ የተነሣባት እናት ለንስሐ አባቷ ታቀርበዋለች፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰውም ሰው በቅዳሴ ሰዓት ከደጀ ሰላም ቆሞ በልቡ ይጠይቀዋል።

በዚህ ነገር ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፥ ጦርነት ሁሉ አንድ ነው፤ የሚወርረውና የሚከላከለው አይለያዩም ማለት ነው። ሁለተኛው፥ ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ በጦርነቱ ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ይጸድቃል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም አትቀበልም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን ሰይፉን እንዲመልስ አዝዞታል። መጥምቁ ዮሐንስ ደግሞ ወታደሮች ምክር በጠየቁት ጊዜ ከግፍና ከቅሚያ እንዲርቁ፥ በደመወዛቸውም እንዲረኩ መከራቸው እንጂ ውትድርናቸውን ጣሉ አላላቸውም። ቅዱስ ባስልዮስም በቀኖናው፥ አባቶች በጦርነት የገደለውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ እንዳልቈጠሩት ካስታወሰ በኋላ፥ እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢታቀብ መልካም እንደ ሆነ መክሯል። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ይህ ነው፦ ጦርነት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ ንጹሕ የሚሆንበት ጊዜ ግን የለም።

ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተ ሰሜን ያለው ደጋ ያየው ይበቃናል። ጎንደር በ21 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች። በመጀመሪያ፥ በ1859 ዓ.ም.፥ ያቃጠሏት የገዛ ንጉሥዋ አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። እኒህ ንጉሥ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፥ አሳባቸውም ታላቅ የነበረ ነው። ነገር ግን ዐመፅ ሲበዛባቸው ቍጣቸው ከዐመፀኛው አልፎ በከተማይቱ ሕዝብ ላይ ወረደ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተዘረፉ፥ ተቃጠሉ። ከዚያ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በመቅደላ ተከማችተው ሳሉ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ተዘረፉ። በግፍ የተሰበሰበው በግፍ ተበተነ።

ሁለተኛው ቃጠሎ የደርቡሽ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ውል፥ በሱዳን ድንበር የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ስለ ተስማሙ፥ ከደርቡሾች ጋር ጠላትነት ተፈጠረ። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው ድል አደረጉ፤ ከተማውም ተቃጠለ። በዓመቱ፥ በጥር 1880 ዓ.ም.፥ አቡ አንጃ የሚባለው የደርቡሽ አዝማች በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ፤ ብዙ ሰው ተገደለ፤ ብዙው ደግሞ በምርኮ ተነዳ።

ቤቷ ለተቃጠለባት ለጎንደር ሴት እሳቱን የለኮሰው የራስዋ ንጉሥ ቢሆን ወይም የውጭ ወራሪ ምን ልዩነት አለው? ስለዚህ አንድን ጦርነት የምንመዝነው በዘማቹ ስም ወይም በሰንደቅ ዓላማው አይደለም። ሊጠየቁ የሚገባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው፥ ስለ ማን ነው? የሚል ነው። በሳር ውኃ ለቆሙት ገበሬዎች መልሱ ግልጥ ነበር፤ ከኋላቸው ሚስትና ልጅ፥ ታቦትና አዝመራ ነበረ። ኢጣልያ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር በገባ ጊዜ ወደ ጫካ የወጡት አርበኞችም ነገራቸው ይኸው ነበር። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ እነዚህን አርበኞች አላወግዝም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ደካማውን ለመጠበቅ መቆም ይገባል። ለበቀል፥ ለዝርፊያ፥ ለክብር፥ ወይም ሃይማኖትን በግድ ለማስያዝ ግን አይገባም። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ እስላሞች ላይ የተደረገው ግዳጅ እምነትን አላበዛም፤ ቂምን እንጂ።

ሁለተኛው፥ አስቀድሞ ሰላም ተፈልጓልን? የሚል ነው። ኦሪት ዘዳግም፥ ከተማን ለመውጋት የቀረበ ጦር በመጀመሪያ የሰላምን ቃል እንዲያቀርብ ያዝዛል፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገረው አንቀጽ ይህንኑ ይዞታል። አፄ ዮሐንስ ጎንደር ከተቃጠለች በኋላ እንኳ፥ በ1881 ዓ.ም.፥ የሁለቱም ወገን ድኃ በከንቱ እንዳያልቅ ሰላም እናድርግ ብለው ለአቡ አንጃ ጻፉለት። እርሱም በስድብ መለሰ፤ ሃይማኖትዎን ይለውጡም አለ። ንጉሡ ከዚህ በኋላ ወደ መተማ ወረዱ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ድል ወደ እርሳቸው ባዘነበለበት ሰዓት ቈስለው ወደቁ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። እንግዲህ የሰላም ደብዳቤ መጻፍ ፈሪነት እንዳልሆነ፥ እውነተኛ ምክንያትም ድልን በግድ እንደማያመጣ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው፥ እጅ እንዴት ሠራ? የሚል ነው። እኒያው ንጉሥ በዚያው ዓመት፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ስለ ጠረጠሩ፥ ሠራዊታቸው ጎጃምን እንዲያጠፋ አድርገው ነበር። በመተማ ለወገን ደም የፈሰሰው ሰው በጎጃም የወገንን ጎተራ ያራቈተ ነው። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ ዘመቻ ጠባቂ፥ በሌላው ግፈኛ ሊሆን እንደሚችል እዩ! የመጀመሪያው ቀን ጽድቅ ለሁለተኛው ቀን ስንቅ አይሆንም።

አራተኛው፥ ፍጻሜው ወዴት ነው? የሚል ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ በጠላት ላይ በቀል እንዳይፈጽም አዘዙ። ደባርቅ አጠገብ በሊማሊሞ አፋፍ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር በመስከረም፥ የጎንደሩም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጠላት መሣሪያውን ባስቀመጠበት ሰዓት ሰይፍ የተፈቀደበት ምክንያት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ደም የግድያ ደም ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ ሁሉ የቀድሞ ዘመን ነገር ሆኖ አልቀረም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጽዮን በዓል ሰሞን በአክሱም ጦር ያልያዙ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ደርሶ በዳባት ወረዳ በጭና ጦር ያልያዙ ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው ተገደሉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ። ለጭና አልቅሶ ለአክሱም ዝም የሚል፥ ለአክሱምም አልቅሶ ለጭና ዝም የሚል ሰው፥ ያለቀሰው ለወገኑ ነው እንጂ ለፍትሕ አይደለም። አራቱ ጥያቄዎች መንግሥትን ይጠይቃሉ፤ ጫካ የገባውንም ይጠይቃሉ፤ ከቤቱ ተቀምጦ በምላሱ የሚያዋጋውንም አይተዉትም።

እንግዲህ ለዚያች እናት ምን እንበላት? ልጅሽን ስለ ማን እንደሚሄድ ጠይቂው፤ የተዘጋው የሰላም በር በእርግጥ ተንኳኵቶ እንደ ሆነ ጠይቂው፤ ያልታጠቀውን ሰው፥ የማረከውንም እንዳይነካ አስምዪው፤ በቃ ሲባል መመለስን እንዳይረሳ አደራ በዪው። ለአንዱም እንኳ መልስ ካጣ፥ መንገዱን በእንባ ዝጊበት። አንተም ከውጊያ የተመለስህ ወንድማችን፥ ምክንያትህ እውነተኛ ቢሆን እንኳ በፉከራ አትምጣ። የሞተው ሰው እንዳንተ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነበርና፥ ወደ ንስሐ አባትህ ቅረብ፤ ቀኖናህን በትሕትና ተቀበል። ካህናትም ዘማቹን ስታሰናብቱ በረከትን ብቻ ሳይሆን ሕግንም አስይዛችሁ ስደዱት።

የሰላም አለቃ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለአገራችን ሰላምን፥ ለመሪዎቻችን ማስተዋልን፥ ላዘኑት መጽናናትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።