ለቻትቦት ገንዘብ መክፈል ያዋጣልን?

በአዘዞ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ማታ ማታ ከምንከራከርባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው፤ በጽሑፍ እንደ ሰው የሚያነጋግረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ማለት ቻትቦት የምንለው፣ ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባ ነገር ነውን? አንዱ ወገን «ለዕውቀት የወጣ ገንዘብ አይቆጭም» ይላል። ሌላው ወገን «በነጻ የሚገኘውን የሚገዛ ሞኝ ነው» ይላል። ዳሩ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩበትን ነገር ውስጡን ገልጠው ሳያዩ ስለሚናገሩ ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ እኛ በበኩላችን የደረሰብንን ኪሳራ፣ ከኪሳራውም ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድን።

ኪሳራው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስት ጓደኛሞች 300፣ 300 ብር አዋጥተን፣ በድምሩ 1,800 ብር ከፍለን፣ ከአንድ ሻጭ ቻትቦት በፍላሽ ገዛን። ሻጩ ሁለት ነገር አረጋግጦልን ነበር። አንደኛ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሁለተኛ አማርኛ ይችላል። የመጀመሪያው ቃል እውነት ሆነ። ሁለተኛውን ለመፈተን አንዱ ጓደኛችን «ደክሞኛል» ብሎ ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ «ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ቀጥል» አለው። «በአዘዞ ገነተ ኢየሱስን ያሠራው ንጉሥ ማን ነው?» ብለን ጠየቅነው። ዐፄ ሱስንዮስን ይጠራልናል ስንል ያንኑ «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ደገመልን። «ሰላም» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍለት ብቻ መልሶ ሰላም ይላል። አማርኛ ይችላል የተባለው ይህችኑ ያህል ነበር። ሳሩን አይተን ገደሉን ያላየን በሬዎች መሆናችን የገባን ያን ጊዜ ነው።

ከተናደድን በኋላ የፕሮግራሙን ሆድ ከፍተን ተመለከትን። ውስጡ ያገኘነው ተራ የጽሑፍ ፋይሎችን ነው፤ በየመስመሩ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ተጽፏል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ኤሊዛ ስለ ተባለች ፕሮግራም አንድ ጽሑፍ አወጣ። ኤሊዛ የሚነገራትን አትረዳም። ከተጻፈላት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ የምታውቀውን ቃል ትፈልጋለች፤ «እናቴ» የሚል ቃል ካገኘች ስለ ቤተሰብ ትጠይቃለች፤ ምንም ካላገኘች «ቀጥል» ትላለች። ይሁን እንጂ ዋይዘንባም ራሱ እንደ ተናገረው፣ ፕሮግራሙን ሲሠራ አጠገቡ ሆና ስታይ የኖረችው ጸሐፊው እንኳ ከኤሊዛ ጋር መነጋገር ከጀመረች በኋላ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ትርጉሙን የሚጨምረው መኪናው ሳይሆን ሰው ነው ማለት ነው። እኛም በሻጩ ፊት የተደነቅነው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ጥያቄዎቹን የመረጠው እርሱ፣ ትርጉሙን የሞላነው እኛ።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 ሪቻርድ ዋላስ የሚባል ሰው አሊስ የተባለች ፕሮግራም ጀመረ። ጥያቄና መልስ እያጣመሩ የሚጽፉበት ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓትም አበጀ፤ ከ40,000 በላይ ጥንዶች ተጽፈው ለማንም ሰው በነጻ ተለቀቁ። በቻትቦቶች መካከል ይደረግ በነበረው የሎብነር ውድድር አሊስ በ2000፣ በ2001 እና በ2004 አሸነፈች። በገንዘብ የሚሸጠው አልትራ ሃል በ2007 አሸነፈ። በኋላም ስቲቭ ዎርስዊክ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ዋላስ ባበጀው በዚያው ሥርዓት እየጻፈ ያሳደጋት ሚትሱኩ በ2013፣ ከዚያም ከ2016 እስከ 2019 በተከታታይ አሸነፈች፤ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሚትሱኩን ማንም በነጻ ያነጋግራት ነበር። እንግዲህ ዋጋ የችሎታ ምስክር አይደለም። አሊስንና ሚትሱኩን የለያቸው ፕሮግራሙ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ለዓመታት ቁጭ ብሎ የጻፈው መልስ ነው።

እኛ የገዛነው ዕቃ የአሊስን ፋይሎች አዲስ ካባ ያለበሰ ነበር። በነጻ የተለቀቀ ፕሮግራምን መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ፈቃዱ መሸጥን አይከለክልም። የሻጩ ጥፋት ምንጩን መደበቁና አማርኛ ይችላል ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ይኸውም አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ «የእኔ» የሚለውን ቃል ነቅሎ «የአንተ» የሚለውን ቢተክልበት የሚናገር ይመስላል። በአማርኛ ግን ተናጋሪው በግሡ ውስጥ ተደብቋል። «ፈተናው ከብዶኛል» ላለ ሰው «ለምን ከበደህ?» ይባል፣ «ለምን ከበደሽ?» ወይስ «ለምን ከበደዎት?» ቃሉን ቆርጦ መቀጠል አይበቃም፤ ማን እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የፊደሉ ነገር አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው ቢያንስ በሦስት ዐይነት ይጻፋል፤ ስለዚህ አንዱ ቃል ስድስት መልክ አለው። ለእኛ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ግን ስድስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ፕሮግራም ፊደላችንን በስክሪኑ ላይ ስላሳየ ብቻ አማርኛ ያውቃል አይባልም።

«ይህ ሁሉ የድሮ ነው፤ የዛሬዎቹስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቻትጂፒቲ የታወቀው ዐይነት የተጻፈለትን መልስ የሚያነብ አይደለም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ ቀጥሎ የሚመጣውን የቃል ቁራጭ እየገመተ ይጽፋል፤ አማርኛም ይጽፋል። ነገር ግን ክፍያውን በሦስት ወገን መመዘን ይገባል።

አንደኛው የምንዛሪው ነገር ነው። የተለመደው ወርኀዊ ክፍያ 20 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ 1,140 ብር ያህል ነበር፤ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ2,000 ብር በላይ ሆኗል። ይህን ተቆራጭ በየወሩ መክፈል የሚችል ተማሪ ስንት ነው?

ሁለተኛው የቁራጮቹ ነገር ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ቃላትን የሚቆራርጠው አሠራርም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ አንዱ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ወደ ብዙ ቁራጭ ይበጣጠሳል። ሒሳቡ ወይም ኮታው በቁራጭ በሚቆጠርበት ቦታ ሁሉ እንግዲህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቶሎ ይጨርሳል።

ሦስተኛው የመስመሩ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የረሳ ያለ አይመስለንም። እንዲህ ባለ ጊዜ የወር ክፍያ ቀኑን ይቆጥራል፤ አገልግሎቱ ግን የለም። በገዛ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ደካማ ፕሮግራም እንኳ የዚያን ጊዜ ከሩቁ ብልህ ይበልጣል። ሜታ የተባለው ኩባንያ ላማ የሚባለውን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጫን እንዲቻል ለቅቋል፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም በዚያ ላይ ተመሥርተው በሰሜን ተራራችን እንስሳ ስም ዋልያ ያሉትን ለአማርኛ አዘጋጅተዋል። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ጉልበተኛ ኮምፒዩተር መጠየቁ ግን ለተማሪ ኪስ ገና ፈተና ነው።

ለሶፍትዌር መክፈል በአገራችን አዲስ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ያሻል። አማርኛ በኮምፒዩተር ለመጻፍ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ የመሳሰሉት ይሸጡ ነበር። የሚገባ ክፍያ ነበር እንላለን፤ ባይሠሩ ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በታይፕ መኪና በቀረ ነበር። ሆኖም አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበርና ገዢው ከፕሮግራሙ ጋር ጽሑፉንም አስሮ ይኖር ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ የላላው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የምንከፍለው ለሚያስረን ሳይሆን ለሚፈታን ይሁን።

ስለዚህ ማንም ጓደኛችን ብሩን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ ዘንድ እንመክራለን። አንደኛ፣ ሻጩ በመረጠው ሳይሆን እኛ በጻፍነው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በፊታችን ይሞከራልን? ሁለተኛ፣ መስመር ሲቋረጥ ምን ይተርፈናል? ሦስተኛ፣ ያስተማርነውን ነገር እንደ ተራ ጽሑፍ አውጥተን ወደ ሌላ ልንወስደው እንችላለንን? ለሦስቱም መልካም መልስ ካለ፣ በተለይም በውስጡ አንድ ሰው በአማርኛ የደከመበት ሥራ ካለ፣ ይከፈል፤ ሳይከፍሉ መገልበጥም ነውር ነው። ከሌለ ግን በነጻ የሚገኘው ይበቃል። የወር ክፍያም ለአንድ ለታወቀ ሥራ፣ ለአንድ ወር ብቻ ካልሆነ ለእኛ አያዋጣም።

የእኛ 1,800 ብር አልተመለሰም። ነገር ግን ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ስለ ነበሩ ማታ ማታ የራሳችንን መልስ መጻፍ ጀመርን፤ አዲስ ተማሪ ለምዝገባ ምን ይዞ ይመጣል፣ የጠፋ መታወቂያ እንዴት ይተካል፣ ከአዘዞ በየትኛው ታክሲ ይኬዳል፣ ቤት ሲከራዩ ምን ይጠየቃል። አሁን 400 ያህል ደርሰናል። መጀመሪያ የፈተኑልን የቤት አከራያችን እማማ ናቸው። ፕሮግራሙ «ምን ልርዳህ?» ቢላቸው «ልጆቼ፣ ይኼ ሰው ነውር አያውቅም እንዴ?» አሉን። በማግሥቱ አራት መቶውን መልስ አንድ በአንድ እያነሣን ወደ «እርስዎ» ለወጥን፤ ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስቀየመም።

እነዚያን ሁለት ሌሊቶች የሚሸጥልን ነጋዴ የለም። ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ገንዘብ እንዲያዋጣ ሳይሆን ጥያቄና መልስ እንዲያዋጣ ነው። የኛን ፋይል የሚፈልግ ሁሉ ፍላሹን ይዞ አዘዞ ይምጣ፤ ዋጋው በሚያውቀው ጉዳይ ላይ የተጻፉ ሃያ መልሶች ናቸው።