ሁለቱ «በርታ»ዎች

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ሸርቆሌ ላይ አንድ ተማሪ የፈተና ወረቀቱን ሲቀበል፣ ከውጤቱ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «በርታ» ተብሎ ሊያገኘው ይችላል። ያው ልጅ ቅጽ ሲሞላ «ብሔር» ከሚለው ፊት ራሱ «በርታ» ብሎ ይጽፋል። ፊደሉ አንድ ነውና «ሕዝቡ ብርቱ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው» የሚል ተረት ለመፍጠር ጊዜ አይፈጅም።

እህቱን ስናስገባት ግን ተረቱ ይፈርሳል። መምህሩ ለእሷ የሚጽፈው «በርቺ» ብሎ ነው፤ ቅጹ ላይ ግን እሷም በርታ ናት። የአማርኛው ቃል ግስ ነው፤ በጾታና በቁጥር ይረባል፤ ብርቱ፣ ብርታት፣ ማበርታት የሚባሉ ዘመዶችም አሉት። የሕዝቡ ስም ከእነዚህ ጋር አይዛመድም። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ የበርታን ቋንቋ ግን አብዛኞቹ ምሁራን ከናይሎ ሰሃራ ይመድቡታል።

ጀርመኖች ዘንድ ደግሞ በርታ የሴት ስም ነው። ምንጩ «ብሩህ» የሚል ጥንታዊ ቃል ሲሆን አልበርትና ሮበርት ውስጥ ያለው «በርት» ዘመዱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አፉ 42 ሳንቲ ሜትር የሆነው የክሩፕ ፋብሪካ መድፍ «ትልቋ በርታ» ይባል ነበር፤ ለአማርኛ ጆሮ ስሙ ልክክ ይላል፤ ግን ይህም ግጥምጥሞሽ ነው። ብ፣ ርና ት በብዙ ቋንቋዎች የሚገኙ ድምፆች ናቸው፤ አጫጭር ቃላት ቢገጣጠሙ አይገርምም። ማኦም እንዲሁ ነው፤ እዚሁ ክልል የሕዝብ ስም፣ ቻይና ውስጥ «ጠጉር» ማለት የሆነ የቤተሰብ ስም፣ ቻድ ውስጥ ከተማ።

መመሳሰል ሁሉ ግን ግጥምጥሞሽ ነው ማለት አይደለም። «ቤኒሻንጉል» የመጣው «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው የበርታ አጠራር እንደሆነ ይነገራል፤ የሻንጉል ዓለት ማለት ነው፤ በመንጌ አካባቢ ተራራ ላይ ያለ የተቀደሰ ድንጋይ ስም ነው። ዓረብኛ የለመደ ጆሮ ግን «ቤላ»ን «ቤኒ» አደረገው፤ «ልጆች» ማለት ነው። በሱዳን ድንበር ንግዱም ሃይማኖቱም በዓረብኛ ስለነበር፣ እንደ ቤኒ ዓምር ያለ የነገድ ስምም የተለመደ ስለሆነ፣ ለሰሚው ይህ ተፈጥሯዊ እርማት ነበር። «በርታ»ዎቹ ሳይተዋወቁ ነው የተገናኙት፤ እዚህ ግን አንዱ ቋንቋ የሌላውን ስም ወስዶ በራሱ ልክ ሰፍቶታል። ዓለቱ በዚህ መንገድ አባት ሆነ፤ ክልሉም የሚጠራው ይኸው በተሰፋው ስም ነው።