ዋስ የሌለው ተማሪ

የቸሃ ጉራጌ ቤተሰብ ልጁ የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ሲያገኝ ዝግጅቱን ያውቅበታል። ፓስፖርቱ ይወጣል፣ የትምህርት ማስረጃው ይረጋገጣል፣ የቪዛው ቀጠሮ ይያዛል። መርካቶ ያለው አጎት ለአውሮፕላን ቲኬቱ ይጠራል፣ አሜሪካ ያለችው የአክስት ልጅ ደግሞ ለማረፊያው። ስለ ገንዘብ ሲነሳ ግን ጥያቄው «ስንት ይበቃዋል?» ከሚለው አያልፍም። ልጁ እዚያ ሲደርስ ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሚከፍት፣ ባንኩ በየወሩ ምን እንደሚቆርጥበት፣ ክሬዲት ካርድ የሚባለው ነገር ምን ውስጥ እንደሚያስገባውና ከምን እንደሚያወጣው ቁጭ አድርጎ የሚነግረው የለም። ጉብሬ ካለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ እንኳ ክሬዲት ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከአገር ከወጣ በኋላ ነው።

ይህ የሚያስቆጨኝ ጉራጌ ብድርንና ዕዳን የሚያውቅ ሕዝብ በመሆኑ ነው። እቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ተበዳሪ ነው፤ የሌሎችን ገንዘብ ወስዶ ቀሪውን ዙር ሙሉ ይከፍላል። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ቆጣቢ ነው፤ ገንዘቡን ለሌሎች ሲያበድር ከርሟል። ዳኛው ዕጣውን ከማስረከቡ በፊት ዋስ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው የከፈለውንና ያልከፈለውን ይመዘግባል። አንዱ እቁብ ላይ ያጎደለ ነጋዴ ሌላው ዘንድ ሄዶ ልግባ ቢል ስሙ ቀድሞት ደርሷል። በየመንደሩም ሴቶች ለመስቀል ቅቤ የሚያጠራቅሙት እርስ በርስ ተማምነው በተራ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የአገሩ ተወላጆች በጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ሥር ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ያስጠረጉት በዚሁ መተማመን ነው።

አሜሪካኖች ክሬዲት ሂስትሪ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የተበደርከውን በቀኑ መልሰሃል ወይስ አልመለስክም? ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ነገሩ በሰው አፍ ሳይሆን በቁጥር መያዙ ነው። በስፋት የሚሠራበት ፋይኮ የተባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ ከነጥቡ 35 በመቶ ያህሉ ዕዳን በጊዜው መክፈልን፣ 30 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከተፈቀደው ገንዘብ ምን ያህሉን እንደተጠቀሙ ያያል። የእምድብሩ ልጅ አባቱ ለሠላሳ ዓመት እቁብ ሳያጎድል የከፈለ ቢሆንም ኦሃዮ ሲደርስ ቁጥር የለውም። የታመነ ቤተሰብ ልጅ መሆኑ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አብሮት አይሳፈርም።

የአገራችን ባንኮችም ለዚህ አላዘጋጁትም። ለአሥርተ ዓመታት ብድር ማለት ቤት ወይም መኪና አስይዞ የሚወሰድ ገንዘብ ነበር። ሌላውንም ተንቀሳቃሽ ንብረት በስፋት በዋስትና ለማስያዝ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በእጃችን ያለው የኤቲኤም ካርድ ያስቀመጥነውን የሚያወጣ እንጂ የሚያበድር አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ከዳሸን ባንክ ጋር ያለ መያዣ ትንንሽ ብድር መስጠት ሲጀምር፣ ብዙ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ የክፍያ ታሪክ ተመዝኖ ተበደረ። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ያ ታሪክ ድንበር አይሻገርም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ዶላሩ አለ። ለትምህርት ክፍያ የሚውል የውጭ ምንዛሪ ድሮም በሕግ የሚፈቀድ ነው፤ መፈቀዱና መገኘቱ ግን ለየቅል ነበሩ። የትምህርት ቤቱን የመቀበያ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ይዞ ከባንክ ባንክ የዞረ ወላጅ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላውም 130 ብርን ተሻገረ። ለ10,000 ዶላር የትምህርት ክፍያ 570,000 ብር ገደማ አዘጋጅቶ የነበረ ቤተሰብ ከ1.3 ሚሊዮን ብር በላይ መፈለግ ግድ ሆነበት። ባንክ ውስጥ ዶላር የማግኘቱ ዕድል ከበፊቱ ይሻላል፤ ብሩን የማግኘቱ ሸክም ግን ወልቂጤ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራው አባት ላይ ወድቋል። ስለዚህ ልጁ ውጭ ከደረሰ በኋላ ባለማወቅ የምትባክን እያንዳንዷ ዶላር ዋጋዋ ከድሮው በእጥፍ በልጧል።

አንዳንድ አገሮች የባንክ ሒሳቡን ጉዳይ ከቪዛው በፊት ያመጡታል። ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ስኮላርሺፕ ከሌለው የዓመት መኖሪያውን በዝግ ሒሳብ አስቀድሞ ማስቀመጥ አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው፤ ልጁ ከዚያ ውስጥ በወር 992 ዩሮ ብቻ እየተለቀቀለት ይኖራል። ይህን ያህል ዩሮ ከቡታጅራ መላክ ለማይችል ቤተሰብ ሌላ በር አለ፤ ጀርመን የሚኖር ዘመድ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የተማሪውን ወጪ እንደሚችል ይፈርማል። ይህ እኛ የምናውቀው ዋስ ነው። ፈራሚው ግዴታ የሚገባው በራሱ ደመወዝ ስለሆነ ዘመድን ለዚህ የሚጠይቅ ቤተሰብ የሚጠይቀው ትልቅ ነገር መሆኑን ይወቅ። ለአሜሪካ ቪዛ ደግሞ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ የአንድን ሰው ሒሳብ ለጥቂት ሳምንት የማሳበጥ ልማድ አለ። ይህ ልጁን ይጎዳዋል። ቆንስላው የሚጠይቀው ገንዘቡ ከየት እንደመጣና በየዓመቱ እንዴት እንደሚቀጥል ነው፤ ድንገት የገባ ገንዘብ ለዚያ መልስ የለውም።

አሜሪካ ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቼኪንግ የሚባለውን የዕለት ሒሳብ መክፈት ነው። ፓስፖርት፣ ከዩኒቨርሲቲው የተሰጠው አይ-20 የተባለው ሰነድና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ብዙ ባንኮች ዘንድ ይበቃሉ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሥራ የሌለው ተማሪ ያን ቁጥር ጭራሹንም ላያገኝ ይችላልና። ብዙ ልጆች አየር ማረፊያው ላይ ወይም ግቢው በር ላይ ማስታወቂያውን ያዩትን ባንክ ይመርጣሉ። እኔ ሦስት ነገር ጠይቁ እላለሁ። ሒሳቡ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ቢኖር በየወሩ ይቆረጣል ወይ? ካለው ገንዘብ በላይ ካርዱ ቢመታ ቅጣቱ ስንት ነው? ከኢትዮጵያ የሚላክ ገንዘብ ሲደርስ ባንኩ ምን ይወስዳል? ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ። አንዳንድ ባንኮች ቅጣቱን ትተውታል፤ ሌሎች ግን ለአንድ ጊዜ ስሕተት 35 ዶላር ገደማ ይወስዳሉ፤ አራት ዶላር የምታወጣ ቡና 39 ዶላር ትሆናለች። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉት አባላቱ የራሳቸው የሆኑ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ብዙ ጊዜ ለተማሪ ቀለል ይላሉ፤ ተቀማጩም እንደ ባንኮቹ እስከ 250,000 ዶላር በመንግሥት መድን የተሸፈነ ነው። ለእቁብ ልጅ ደግሞ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። አውሮፓ ለሚሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ ሒሳብ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ባንኩ «ኢትዮጵያዊ ነህ» ብሎ ቢመልሰው ይህን መብቱን ያንሳ።

ክሬዲት ካርዱ ጋ ስንደርስ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. የ2009 የአሜሪካ ሕግ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው የራሱ ገቢ ወይም አብሮት የሚፈርም ዋስ ከሌለው ካርድ እንዳይሰጠው ይከለክላል። ታሪክ ለሌለው ተማሪ የተሻለው መነሻ በመያዣ የሚሰጠው ካርድ ነው። 300 ዶላር ያስይዛል፣ እስከ 300 ዶላር ይጠቀማል፣ በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ይከፍላል፤ ታሪኩ እየተጻፈለት ሲሄድ መያዣው ይመለስለታል። ዘመድ ካለ ደግሞ በእሱ ካርድ ላይ ተደርቦ መግባት ይቻላል፤ ዘመድየው በጊዜው ከከፈለ የተማሪው ስም አብሮ ይነሳል፤ ካዘገየም አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

የካርዱ የወር መግለጫ ከወጣበት ቀን እስከ መክፈያው ቢያንስ 21 ቀን አለ። በዚያ ውስጥ ሙሉውን የከፈለ ለዕቃ ግዢው ወለድ አይነካውም። መከራው የሚጀምረው «ዝቅተኛ ክፍያ» በምትባለው ትንሽ ቁጥር ነው። በዓመት 24 በመቶ ወለድ 1,000 ዶላር ያለበት ተማሪ በወር 25 ዶላር ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ወር 20ው ወለድ ነው፤ ዕዳው የቀነሰው በ5 ዶላር ብቻ። ሌላ ምንም ሳይገዛ እንዲህ እየከፈለ ቢሄድ ለመጨረስ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀረው ይወስድበታል፤ ከኪሱ የሚወጣውም ከ2,000 ዶላር በላይ ይሆናል።

አሁን የቸሃን ልጅ ለይቶ ወደሚያገኘው ነገር ልምጣ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚከፈተው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ረዳት ሆኖ የሚሠራ ተማሪ የመጀመሪያ ደመወዙን ለማግኘት ሳምንታት ይጠብቃል። መስከረም 16 እና 17 ደግሞ መስቀል ነው። በጉራጌ መስቀል ከአገር የወጣ ሁሉ የሚመለስበት፣ ያልተመለሰ እጁን የሚልክበት በዓል ነው። ቤተሰቡ በሬ ሲያርድ ውጭ የሄደው ልጅ ስም መነሳቱ አይቀርም፤ ምንም ባይጠየቅ እንኳ ልጁ ራሱ ያፍራል። በኪሱ ያለው ግን አዲሱ ካርድ ብቻ ነው። ከኤቲኤም በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ይልካል። ካርዱ ለጥሬ ገንዘብ የእፎይታ ቀን አይሰጥም፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይቆጠራል፣ የወለድ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከግዢው ይበልጣል፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው። ልጁ በፍቅር ያደረገው ነገር የመጀመሪያ ዓመቱን ይበላዋል። ይህን ሊያስቆም የሚችለው ባንክ አይደለም። አባትና እናት ናቸው፤ ሲሸኙት «የዘንድሮን መስቀል ከአንተ አንጠብቅም፤ ዕዳ ሳትገባ ተማር» ቢሉት ከማንኛውም ምክር ይበልጥበታል።

ቡታጅራና አካባቢዋ ያሉ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ጥያቄው ከዚህም ይቀድማል፤ ወለድ ያለበት ውል መፈረም ራሱ። በአገር ውስጥ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና የየባንኩ ከወለድ ነፃ መስኮቶች መልስ ሰጥተዋቸዋል። ውጭ የሚሄደው ልጃቸው በዴቢት ካርድ ብቻ መኖር ይችላል፤ ቤት ሲከራይ ግን አከራዩ የክሬዲት ታሪኩን ይጠይቀው ይሆናል። በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ መቆየት፣ የባንክ መግለጫና የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ማቅረብ፣ ተጨማሪ መያዣ መክፈል መውጫዎች ናቸው። ሃይማኖቱን ለመጠበቅ ሲል ዋጋ የሚከፍለውን ልጅ አላዋቂ አድርጎ ማየት አይገባም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ሒሳብን ለሌላ ሰው ማዋስ ነው። «ዶላሩን በአንተ ሒሳብ ላስገባ፣ ብሩን እዚህ ለቤተሰብህ እሰጣለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። አገር ቤት ይህ ዘመድን መርዳት ይመስላል። እዚያ ግን የማይታወቅ ገንዘብ በተማሪ ስም ማሳለፍ ነው፤ ገንዘቡ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ይደርሳል፣ የተማሪው ቪዛ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም።

ከመሄዱ በፊት ወልቂጤ ላይ የሚያልቁ ሥራዎችም አሉ። ስሙ ፓስፖርቱ፣ ዲፕሎማውና የባንክ ደብተሩ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ይጻፍ፤ አንዲት ፊደል ስትለያይ የተላከ ገንዘብ ይታገዳል። እኛ የአያትን ስም በመጨረሻ እንጽፋለን፤ የአባትና የልጅ «የቤተሰብ ስም» ስለማይገጥም ባንኩ ዝምድናቸውን ሊጠራጠር ይችላል። የባንኩ መተግበሪያ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ ኢትዮጵያ ስልኩ ነው፤ ስልኩ ውጭ አገር ካልሠራ ሒሳቡ ይቆለፍበታል። ስለዚህ ለወላጁ ውክልና ሰጥቶ መሄድ አለበት።

ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚነገር ነው። በየክረምቱ፣ ተማሪዎች ከመሄዳቸው በፊት፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው የባንክ ቅርንጫፎች ጋር ሆኖ ወላጆች በተገኙበት ሊያስረዳ ይችላል፤ እምድብርና ቡታጅራ ያሉ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። ሌላው ሥራ የብሔራዊ ባንክ ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ፈቃድ ለመጠየቅ የሚመጡትን ባንኮች፣ እዚህ በታማኝነት ቆጥቦና ተበድሮ የከፈለ ወጣት ታሪኩን ወደ ሌላ አገር ቅርንጫፋቸው ይዞ እንዲሄድ ያስችሉት እንደሆነ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት መጠየቅ ይገባል።