ዛሬ ማታ የማይሠራው

ነርስ ደከማት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው እግሯን ነው። እግርማ ያማል፤ ሙቅ ውሃና ጨው ሲያገኝ ግን ይለቃል። አዳር ወጥቼ ቤቴ ስገባ እንቅልፍ የሚነሳኝ የሠራሁት ሳይሆን ሳይሠራ የቀረው ነው። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ልንቀይርላቸው የሚገባን አባት በጀርባቸው እንደተኙ ይነጋል። የኢንሱሊን አወጋግ መማር የነበረባት እናት ማንም ቁጭ ብሎ ሳያሳያት ወረቀቷን ይዛ ትወጣለች። አንድሩ ጄምተን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሶች ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ይህን የሞራል ጭንቀት ብሎታል፤ ትክክለኛውን እያወቁ መሥሪያ ቤቱ አላሠራ ሲል የሚመጣ ነው።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። አልጋው 32፣ ማታ የምንመደበው ነርሶች ሁለት። አንዳችን ከታመምን ወይም ድንገተኛ ክፍል ሰው አጥሮት ከወሰደን የምትቀረው አንዲት ናት። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከ2005 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ክፍል አንዲት ነርስ ከአምስት ታካሚ በላይ አትይዝም። ቁጥሩ የቅንጦት አይደለም። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በፔንሲልቫኒያ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መርምሮ፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ፣ የነርሷም የመዛል ዕድል በ23 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያነጻጸሩት በአራትና በስምንት ታካሚ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አሥራ ስድስትን ማን አስቦት!

ደግሞ እኛ ጋ ግሉኮስ የሚወርደው በፓምፕ አይደለም፤ በእጅ ሰዓት ተቆጥሮ ነው። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሞላበት ቱቦ አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል መውረድ አለበት። ታካሚው ክንዱን ሲያጥፍ ሂሳቡ ይፈርሳል። “ሲስተር፣ ግሉኮሱ ቆመ!”፣ “ሲስተር፣ ደም ወደ ላይ ወጣ!” የሚለው ጥሪ ሌሊቱን ሙሉ የማያባራው ለዚህ ነው።

እንዲህ ባለው አዳር መጀመሪያ የምሠራው ነገር ከወጪዋ ተረኛ ጋር አልጋ በአልጋ መዞር ነው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ መረካከብ ፈጣን ይመስላል፤ ግን የታካሚውን ፊት አያሳይም። ስዞር የምፈልገው እስኪነጋ ሊብስበት የሚችለውን ሰው ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ትንፋሽ ነው። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ 28 እና 30 የሚተነፍሰውን፣ ሌላው ልኬት ደህና ቢመስልም እንኳ፣ አልጋውን ወደ ነርሶች ጠረጴዛ እናስጠጋለን።

ታዲያ ትንፋሽ መቁጠር ሙሉ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ ስድስት ሰው ማለት አሥራ ስድስት ደቂቃ ነው፤ በየአራት ሰዓቱ። ስለዚህ ምን ይደረጋል? በብዙ ቻርቶች ላይ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነው። የሳንባ ምች የያዘው 20፣ ነገ የሚወጣው 20። ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ይህ 20 ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ነርሷን ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ባዶ ሳጥን እንደ ነውር በሚቆጠርበት ልማድ ውስጥ ነው። የጎደለው በውሸት ሲሞላ ጉድለቱን የሚያይ አለቃ አይኖርም፤ ሁለት ነርስ ለ32 አልጋ የበቃም ይመስላል።

በእኛ ክፍል የተለወጠው ይኼ ነው። ዞረን ስንጨርስ ከባልደረባዬ ጋር የዛሬ ማታውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የማይሠራውንም በቃል እንነጋገራለን። “ደህና የሆኑትን አሥሩን ሌሊት አንለካም፤ የእነዚህን የስድስቱን ግን በየሁለት ሰዓቱ። ኢንሱሊን የምትማረዋ እናት ለጠዋት ትቆይ።” ያንኑ በርክክብ መዝገቡ ላይ እንጽፈዋለን፤ ከላይ የታካሚና የነርስ ቁጥር፣ ከታች ያልተሠራው። የጠዋት ተረኛ ከዚያ ትቀጥላለች። ሥራው አልቀነሰም፤ ቤት ድረስ የሚከተለኝ ግን ቀንሷል፣ የተረከበው ሰው አለና።

አስታማሚዎችን ደግሞ ገና ሳንጀምር እሰበስባለሁ። እውነት እንነጋገር ከተባለ የኢትዮጵያ ሆስፒታል ማታ የሚያድረው በእነሱ ነው፤ ደመወዝም ወንበርም የላቸውም። “እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወሬው ከተዘባረቀ፣ ስትቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም ደም ካያችሁ ሮጣችሁ ጥሩን፤ የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ ግን አትንኩ” እላለሁ። ቶሎ አልቆ እንዲገላገሉ ብለው የሚለቁት አሉ፤ ልቡ ለደከመ ሰው ይህ አደገኛ ነው። ጎን እንዴት እንደሚቀየርም አብረን እያነሳን አሳያቸዋለሁ።

መድኃኒት በሚታደልበት ሰዓት አንዳችን ጋሪው ላይ ስንሆን ሌላችን ጥሪውን እንቀበላለን። ዮሐና ዌስትብሩክ በአውስትራሊያ መርታ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነርሷ መድኃኒት ስትሰጥ በተቋረጠች ቁጥር ስሕተቱ በ12 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ አግኝቷል። ብቻዬን ባደርኩ ጊዜ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የብቻ አዳር ዘዴ የለውም።

እንቅልፍም በተራ ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት አእምሮ የሚዝልበት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ጋደም ማለት ይረዳል። ብዙዎቻችን ቀን የግል ክሊኒክ ውለን ነው የምንገባው። ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው በአውስትራሊያ መኪና እንዳይነዳ የሚከለክለውን ያህል አልኮል እንደጠጣ እንደሚደነዝዝ እ.ኤ.አ. በ1997 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዚያ እጅ ነው ኢንሱሊን የምንቀዳው።

ስለ ጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ሲመጣ እሄዳለሁ፤ ሻይ ቡናውም ደስ ይላል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን የመዘገበው በበሽታነት ሳይሆን፣ መፍትሔ ካላገኘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ ነው። ጥልቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ አልጋ አይቀንስም።

የርክክብ መዝገቡን ኃላፊያችን በየወሩ ቆጥራ ለሜትሮኗ ታቀርባለች። እስካሁን ነርስ አልተጨመረልንም። ከላብራቶሪ ደም የሚያመላልስና የኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፋ አንድ የማታ ሠራተኛ ግን ተመድቦልናል፤ ቀድሞ ያን ሁሉ ደረጃ የምንወጣውና የምንወርደው እኛ ነበርን። ሦስተኛዋ ነርስ በጀት ትጠብቃለች ተብለናል። መዝገቡ እየተሞላ ነው።