ስህተቱን የሚያውቅ ፕሮሰሰር

ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከፍታ የኮምፒውተር ቺፕንም ይመለከታል። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ ኒውትሮን ይፈጠራል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥርም ብዛቱ ይጨምራል። ኢትዮጵያ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ከፊሉ ጨረር ይመከትላታል፤ ቀሪው ግን ይደርሳል።

ኒውትሮን ቺፕን ሲመታ 0 የነበረው ቢት 1 ሊሆን ይችላል። ቺፑ ደኅና ነው፤ የተበላሸው መረጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጂየም ስካርቤክ በተደረገ ምርጫ አንዲት ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተመዘገበላቸው። ይህ የአሥራ ሦስተኛው ቢት ዋጋ ነው። በፕሮግራሙ ላይ ጉድለት ስላልተገኘ ጥርጣሬው በጠፈር ጨረር ላይ አረፈ።

መከላከያው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዓይነት የማረሚያ ኮድ ነው፦ በ64 ቢት መረጃ ላይ 8 መቆጣጠሪያ ቢት ሲጨመር አንድ ስህተት ይታረማል፣ ሁለት ስህተት ይታወቃል። ሁለተኛው ማባዛት ነው፦ ሦስት ፕሮሰሰሮች አንድ ስሌት ይሠሩና ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያበረው ቦይንግ 777 ሦስት ዋና የበረራ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያሉት ሦስት ፕሮሰሰሮችም የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ የንድፍ ጉድለት ሁሉንም እንዳይጥል። ሦስተኛው ማገገም ነው፦ የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች የመጨረሻውን ትክክለኛ ሁኔታ ይይዛሉ፤ ስህተት ሲታይ ወደዚያ ተመልሰው ትእዛዙን እንደገና ይሠራሉ፤ ካልተሳካ ሥራው ወደ ተጠባባቂ ፕሮሰሰር ይዛወራል።

ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል የሚከፈለውን ዋጋ እኛ እናውቀዋለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 157 ሰዎች አልቀዋል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደታች እንዲደፋ ያደረገው ሶፍትዌር ያመነው አንድን ሴንሰር ብቻ ነበር፤ ሴንሰሩም የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። ከወራት በኋላ፣ የበረራ ኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ራሱ ቢሳሳት ምን ይከተላል ተብሎ በሲሙሌተር ሲሞከር ሌላ አደጋ ተገኘ። ቀድሞ በአንድ በረራ አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ይሠራ ነበር፤ ከማሻሻያው በኋላ ሁለቱ እርስ በርስ ይመሳከራሉ።

ዛሬ የሚያሳስበው ዝምተኛው ስህተት ነው። ጎግልና ፌስቡክ በ2021 እ.ኤ.አ. ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጡ ፕሮሰሰሮችን በመረጃ ማዕከሎቻቸው እንዳገኙ አሳውቀዋል። ስለዚህ ለሆስፒታል፣ ለባንክ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ሰርቨር የሚገዛ ሰው ከፍጥነቱ በፊት ቢያንስ ሜሞሪው ስህተት አራሚ መሆኑን ይጠይቅ። የማይሳሳት ማሽን የለም፤ የታካሚን የመድኃኒት መጠንና የደንበኛን ሒሳብ የምናምነው ግን ስህተቱን ደርሶበት ለሚናገር ማሽን ብቻ ሊሆን ይገባል።