ከስም በፊት የምትመጣው «ዶ/ር»

«ልጄ፣ ዶክተሩ አንተ ነህ?» አሉ የወላዷ እናት።

የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው አልዋሸም። «አይደለሁም እማማ፤ ኦፕራሲዮኑን የምሠራው ግን እኔ ነኝ» አላቸው። ባልየው የፈቃዱን ወረቀት ሳይፈርም መለሰው። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቱ፣ ማለትም የዚህ ማስታወሻ አቅራቢ፣ ከቤቱ ተጠርቶ እስኪደርስ ቤተሰቡ ፍንክች አላለም። ሲደርስም ያደረገው ጓንት አጥልቆ ማገዝ ብቻ ነው፤ የሠራው ያው ሰው ነበር። እናትም ልጅም ደኅና ወጡ።

በማግስቱ ሻይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «አዎ ነኝ ቢላቸው ምን ነበረበት?» ሲል፣ ገሚሱ «ዛሬ አዎ ካለ ነገ ማኅተም ያስቀርጻል» አለ። ከዚያ ክርክሩ ጋዋን ላይ ምን ይጻፍ፣ ማን ማንን «ዶክተር» ብሎ ይጥራ ወደሚለው ወረደ። ሰውየው በዓመት ስንት ቄሳሪያን እንደሚሠራ የጠየቀ አልተገኘም።

ጸሐፊውን የሚያሰለቸው ዲግሪ፣ መጠሪያና የሥራ ፈቃድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሐኪሞች ዘንድ እንኳ መዘንጋቱ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ሐኪም የሚመረቀው በባችለር ዲግሪ ነው፤ ዶክተር የሚባለው በልማድ ነው። ቀዶ ሐኪም ሲሆን ደግሞ ወደ «ሚስተር» ይመለሳል፣ ያውም በኩራት። ጀርመን ውስጥ የዶክትሬት ጥናት ያልጻፈ ሐኪም ሙሉ ፈቃድ ይዞ ያክማል፤ «ዶክተር»ን ግን ከስሙ ፊት ማስፈር አይችልም። እኛ ዘንድ የከብት ሐኪሙም፣ የታሪክ ተመራማሪውም፣ የክብር ዲግሪ የተሰጠው ሰውም ዶክተር ናቸው። በሽተኛ ዘንድማ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ካርድ ክፍል ያለውም ሳይቀር። ከዚህ መጠሪያ ተነስቶ ማን ሆድ መክፈት እንደሚችል ማወቅ አይቻልም።

ጎንደር ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ገና አሥር ዓመት ይቀረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ልምድ ያላቸው ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ለሦስት ዓመት የድንገተኛና የማዋለድ ቀዶ ሕክምና እንዲማሩ ተደረገ፤ ያን ኦፕራሲዮን የሠራውም ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። ስፔሻሊስቱ ያለው ከተማ፣ ማህፀን የሚተረተረው ወረዳ ነዋ! ሞዛምቢክ በዚህ መንገድ ቀድማ ሄዳለች። ማፑቶ ውስጥ 2,071 ተከታታይ ቄሳሪያኖች ሲመረመሩ፣ በስፔሻሊስቶችና ሐኪም ባልሆኑ ባለሙያዎች በተሠሩት መካከል፣ ከቁስል አፍ መከፈት በቀር ይህ ነው የሚባል የውጤት ልዩነት አልታየም።

በተቃራኒው ያለው ወገንም ያው ነው። «ልምድ ካለ ትምህርት ምን ያደርጋል» ይልና ማሚቱ ጋሼን ይጠራል። እውነት ነው፣ ማሚቱ የፊስቱላ ታካሚ ሆነው መጥተው፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የተዋጣላቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሃምሊን ባልና ሚስት ጋር የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሜዳልያ ተሸልመዋል። ነገር ግን ለዓመታት አጠገባቸው ቆመው እጃቸውን ያረሙ እነዚሁ ሁለት የማህፀን ሐኪሞች ነበሩ። ወረዳ ላይ ብቻውን የሚያድረው ባለሙያ ነገሩ ሲጠጥርበት በሌሊት ደውሎ የሚያማክረው ሰው አለው ወይ? ሻይ ክበቡ ሊነታረክ የሚገባው በዚህ ነበር። ወይም ደም ከየት እንደሚመጣ። ወይም ሪፈር የሚባለው መቼ እንደሆነ።

በነገራችን ላይ፣ ያቺን ወላድ ያደነዘዘው ባለሙያም ሐኪም አልነበረም፤ በአገሪቱ አብዛኛውን ማደንዘዣ የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው። ባልየውም አልጠየቀ፣ ሻይ ክበቡም አላነሳው።