ስለ አንድ የታመመ ጃካራንዳ

በአዲስ አበባ በየግቢው ለጌጥና ለጥላ ከተተከሉት ዛፎች አንዱ ጃካራንዳ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ ይኸውም ቦሊቪያና ሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ነው። ይህ ዛፍ ሲታመም ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ውሃና ፍግ ይጨምርለታል፣ ወይ ምሳር ያነሣበታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ሁለቱም ከምርመራ በፊት ሲደረጉ ስሕተት መሆናቸውን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ወደ አንዲት ባልቴት ግቢ ተጠርተን ሄድን። ሟች ባለቤታቸው የተከሉት ጃካራንዳ ከጫፉ ጀምሮ ደርቆ ነበር፤ የቀሩትም ቅጠሎች ቢጫና ትንንሽ ነበሩ። «ልጆቼ፣ ጧትና ማታ አጠጣዋለሁ፤ እሱ ግን ይብስበታል። ነገ ቆራጭ ይመጣል» አሉን። ቆራጩን አንድ ሳምንት እንዲያቆዩልን ለመንናቸውና ምርመራችንን በአራት ደረጃ አደረግን።

በመጀመሪያ የዛፉን ሁለንተና ተመለከትን። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢደርቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ያለ ቁስል ወይም ነቀዝ ይሆናል። አሮጌ ቅጠል አስቀድሞ ቢጫ ቢሆን የናይትሮጅን እጥረት፣ አዲስ ቅጠል ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ቢሆን የብረት እጥረት ይጠረጠራል። እዚህ ግን ዛፉ በሙሉ እኩል ታሟል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለም ቅጠሉ ጠውልጓል። እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬው ወደ ሥር ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ የግንዱን እግር አየን። የጤነኛ ዛፍ ግንድ ወደ መሬት ሲገባ ሰፋ ይላል። ይህ ግን እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ገብቷል። ጠይቀን እንደ ተረዳነው በ2013 ዓ.ም. ግቢው በአፈር ተደልድሎ እስከ ግንዱ ድረስ ሊሾ ተደርጎበታል።

ሦስተኛ፣ ቅርፊቱን በቢላዋ ጫር አደረግን። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ከግንዱ እግር ዙሪያ ሩብ ያህሉ ሞቶ አገኘነው። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ሽፋን ቢኖር ኖሮ አርሚላሪያ የሚባለውን ሥር አበስባሽ ፈንገስ በጠረጠርን ነበር፤ ነገር ግን አልነበረም።

አራተኛ፣ ከሊሾው ውጭ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ ሞላንበት። በማግሥቱ ውሃው እንዳለ ነበር፤ መሬቱ ዋልካ ነውና።

ከዚህ የደረስንበት ፍርድ ዛፉ የታመመው በጥም ሳይሆን በመታፈን ነው የሚል ነው። ሥር እንደ ማናቸውም ሕያው ነገር ይተነፍሳል። መጋቢዎቹ ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ይገኛሉ። የአፈሩን ቀዳዳ ውሃ ሲሞላው፣ ከላይም ሲሚንቶ ሲከድነው አየር ያጣሉ፤ የሞተ ሥርም ውሃ መምጠጥ አይችልም። ስለዚህ ዛፉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም የተጠማ መስሎት ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። ጉዳቱ የታየው ሊሾው ከተሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ነበረ ማንም ሁለቱን ነገሮች አላያያዛቸውም።

ማዳኛውም ከዚህ ፍርድ የተከተለ ነው። ውሃ ማጠጣቱን አስቆምን። ሊሾው ከግንዱ ሁለት ሜትር ያህል ዙሪያውን ተነሣ፤ በግንዱ እግር ላይ የተከመረውን አፈር ሥሩን ሳንቆርጥ በእጅና በመኮትኮቻ ጠረግን። የክረምቱ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ተቆፈረ። ከግንዱ ራቅ አድርገን ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዝን። ማዳበሪያ አልጨመርንም፤ የተጎዳ ሥር ማዳበሪያ ያቃጥለዋልና። ቆራጩም በቀጠሮው መጥቶ ዛፉን ሳይሆን የደረቁትን ቅርንጫፎች ብቻ በመጋዝ ቆረጠ።

በ2017 ዓ.ም. የበጋ መጨረሻ ዛፉ በአንድ ወገኑ አበበ። ከቅርንጫፉ ሲሶ ያህሉን አጥቷል፤ ጨርሶ ድኗል ለማለትም ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ደግሞም እያንዳንዱ ዛፍ ይድናል አንልም፤ የግንዱ እግር ከግማሽ በላይ ሞቶ ወደ ቤት ያዘነበለ ቢሆን ኖሮ እኛም እንዲቆረጥ በመከርን ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዛፍ በሽታውን አይደብቅም፤ ነገር ግን ምልክቱን በቅጠሉ እያሳየ ምክንያቱን ከእግሩ ሥር ያኖረዋል። ስለዚህ ባልንጀሮቻችን የታመመ ዛፍ ባዩ ጊዜ የውሃውን ባልዲም ሆነ ምሳሩን ከማንሣታቸው በፊት ጎንበስ ብለው እግሩን እንዲመለከቱ እንለምናለን።